ሁለቱ ብሎኖች፦ በእጄ የገጣጠምኩት ጊታር ክረምትና በጋ ካየ በኋላ

አንገቱ በብሎን የታሰረ ጊታር “እውነተኛ ጊታር አይደለም” ይላሉ። ይህን የሚሉት ሻጮች ብቻ ቢሆኑ ባልተናደድኩ፤ ለዓመታት የተጫወቱ ሰዎችም ይደግሙታል። ተገጣጣሚ አኩስቲክ ጊታር ገዝቼ፣ ጣውላውን ከጣውላ አጣብቄ፣ ክር ወጥሬ፣ ክረምቱንም በጋውንም ከተጫወትኩበት በኋላ የምሰጠው ምስክርነት ግን ተቃራኒው ነው። ይህን ጊታር ዛሬም በደስታ የምይዘው በአንገቱ ተረከዝ፣ ማለትም ከድምፅ ሳጥኑ ጋር በሚገጥመው ወፍራም ግርጌው ውስጥ ባሉት ሁለት ብሎኖች ምክንያት ነው።

ስገዛ ሁለት ምርጫ ቀርቦልኝ ነበር። በአንደኛው ዓይነት፣ ወደ ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ የእንጨት ጥርስ በድምፅ ሳጥኑ ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ ይገባና በኮላ ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ1833 የተመሠረተው የአሜሪካው ማርቲን ኩባንያ ስም ያተረፈባቸው ጊታሮች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። በሁለተኛው ዓይነት ጥርሱ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚይዙትም ከሳጥኑ ውስጥ የሚጠብቁ ሁለት ብሎኖች ናቸው። የሻጩ መግለጫ የመጀመሪያውን “ድምፅ ለሚያውቁ”፣ ሁለተኛውን “ለጀማሪዎች” ብሎ ከፍሎታል። አዲስ አበባ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ሰውም ሥዕሉን አይቶ “ወንድሜ፣ ብሎን ውስጥ ድምፅ ይጠፋል፤ ገንዘብህን አታባክን” አለኝ። ብሎኑን ያስመረጠኝ በሰፈራችን የቤት ዕቃ የሚሠሩ አንድ አናጢ ናቸው። ሥዕሉን ገልብጠው ገልብጠው አዩትና “ልጄ፣ እንጨት ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን መፍታትህ ላይቀር ለምን በኮላ ትዘጋዋለህ? አልጋም እኮ በብሎን ነው የሚታሰረው” አሉኝ። ጊታር ሠርተው አያውቁም፤ እንጨትን ግን ያውቁታል።

ስለ ሥራው ራሱ ብዙ አልልም፤ ደህና ነው። የማሆጋኒ እንጨት ጎኖቹ በፋብሪካ በእንፋሎት ታጥፈው፣ የፍሬቶቹ (በአንገቱ ፊት ባለው የጣት ሰሌዳ ላይ በአግድም የሚተከሉት ቀጭን ብረቶች) ቦዮች ተቆርጠው፣ ስፕሩስ ከሚባል እንጨት የተሠራው የፊት ጣውላ መሃሉ ተጣብቆ ነው የመጣው። ለጀማሪ የሚከብዱት ሥራዎች ተሠርተዋል ማለት ነው። የቀረው ከፊት ጣውላው ሥር በኤክስ ቅርጽ የሚነባበሩትን ማገሮች ማጣበቅና በመሮ ማሳሳት፣ ሳጥኑን መዝጋት፣ ፍሬቶቹን መትከል፣ ማለስለስና ቫርኒሽ መቀባት ነበር። ሞርሳ ከአናጢው ተዋስኩ፤ ለውስጥ ጠርዙ የልብስ መቆንጠጫ በጎማ አጠንክሬ ተጠቀምኩ። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ፦ በርኩማውን፣ ማለትም በፊት ጣውላው ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበትን እንጨት፣ በማስቲሽ ለማጣበቅ የሚመክራችሁን ሰው አትስሙ። ስድስቱ የብረት ክሮች በመደበኛ ቅኝት ሲወጠሩ በአንድነት ወደ 70 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ያህል ይስባሉ፤ ያን ሁሉ የሚሸከመው ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጣውላ ላይ የተጣበቀው በርኩማ ነው። ማስቲሽ ለጫማ ሶል ነው፤ እንዲህ ያለ የማያቋርጥ ሳቢ ኃይል ሲበዛበት ቀስ እያለ ይንሸራተታል።

ጊታሩ ያለቀው በበጋው ማብቂያ፣ አየሩ ደረቅ በሆነበት ወቅት ነበር። በ12ኛው ፍሬት ላይ የወፍራሙ ክር ከፍታ 2.4 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ ለእጅ የሚመች፣ ለጆሮም የጠራ። በዚያ ጊዜ ግምገማ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ምስጋና በሆነ። ከዚያ ክረምቱ ገባ።

ስፕሩስ እርጥበት ሲጠጣ በርዝመቱ የሚታይ ለውጥ አያመጣም፤ በወርዱ ግን ያብጣል። ጠርዙ ከጎኖቹ ጋር ስለተጣበቀ ወደ ጎን መሄጃ የለውም፤ ወደ ላይ ይነፋል። ሆዱ ሲነፋ በርኩማው ይነሳል፣ ክሩም አብሮ ይነሳል። ሐምሌ ላይ ጣቴ የተለየ ነገር ተሰማው፤ ነሐሴ ላይ በ12ኛው ፍሬት ከፍታው 3.6 ሚሊ ሜትር ደርሶ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ጣት ግን ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

የድካሙን ነገር ልተወው። ያንገበገበኝ ቅኝቱ ነው። ክሩ ከፍ ሲል፣ ወደ ፍሬቱ ለማውረድ ስትጫነው ከልኩ በላይ ይለጠጣል፤ ድምፁም ከልኩ በላይ ይወጣል። ኮርድ እየመታ ለሚዘፍን ሰው ይህ ስህተት በሌሎቹ ድምፆች መካከል ሊደበቅ ይችላል። በእኛ ቅኝቶች ግን መደበቂያ የለውም። አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ እያንዳንዷ ብቻዋን ትቆማለች። ትዝታን በታችኛው አንገት ላይ ስጫወት ደህና ነበር፤ ወደ ላይ ስወጣ ድምፁ እየሾለ አስቸገረኝ። አንቺሆዬ ደግሞ ጨርሶ አልሆነም። ከመነሻው ድምፅ ቀጥላ የምትመጣው በግማሽ እርከን ብቻ ናትና፣ እሷ ጥቂት ከፍ ካለች ቅኝቱ ይፈርሳል። በገዛ እጄ የሠራሁት መሣሪያ የሀገሬን ቅኝት አጥርቶ አልሰጥ ሲለኝ እንቅልፍ ነሳኝ።

መስከረም ጠብቶ አየሩ ሲደርቅ ሆዱ ተመለሰ፤ ክሩ ግን የተመለሰው በግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ የወሰደው የክሮቹ የማያቋርጥ መጎተት ነበር። አዲስ ጊታር በመጀመሪያዎቹ ወራት ለክሩ ኃይል ይሰጣል፤ የፊት ጣውላው ትንሽ ይጎብጣል፣ አንገቱም ወደ ፊት ትንሽ ያዘነብላል፣ ከዚያ ይረጋል። የተገጣጣሚው አንገት ማዕዘን በፋብሪካ ሲቆረጥ ለዚህ ምንም ቦታ አልተተወለትም። ይህን ማንም ሰው በቀላሉ ሊያረጋግጥ ይችላል፦ ቀጥ ያለ ረጅም ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ አጋድሞ ወደ በርኩማው መግፋት ነው። ጫፉ የበርኩማውን አናት መንካት አለበት። የእኔ ከአናቱ በታች ወርዶ የበርኩማውን ግንባር ነበር የሚመታው።

ያ የመሣሪያ ሻጭ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። “በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ አጥብቀው።” ይህ ብዙ ጊታር ያበላሸ ምክር ነው። ዘንጉ የተሠራው አንገቱ በርዝመቱ ያለውን ጥቂት ጉብጠት ለማስተካከል ነው። አንገቱ ከሳጥኑ ጋር የሚገጥምበትን ማዕዘን ሊለውጥ አይችልም። ችግሩ ማዕዘኑ ላይ እያለ ዘንጉን ማጥበቅ አንገቱን ወደ ኋላ ማጉበጥ ብቻ ነው፤ ክሩ በታችኞቹ ፍሬቶች ላይ መንዛዘር ይጀምራል፣ በላይኞቹ ግን እንደተሰቀለ ይቀራል። “እንግዲያው በበርኩማው ላይ ያለችውን የአጥንት ዘንግ አሳንሳት” ይላል ቀጥሎ። እሷንም በክረምቱ የተቻለኝን ያህል አሳንሻታለሁ። ከዚያ በላይ ብትወርድ ክሩ በላይዋ ሲያልፍ የሚጫናት ኃይል ይቀንስና ድምፁ ይዝላል። የቀረው መፍትሔ አንገቱን ነቅሎ ማዕዘኑን ማረም ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የብሎኑ ዋጋ የታየኝ። ባለ ጥርሱን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ 15ኛውን ፍሬት ነቅዬ፣ በቦዩ በኩል ቀዳዳ በስቼ፣ በመርፌ እንፋሎት እያስገባሁ ኮላውን ማቅለጥ ነበረብኝ። የለመዱ ባለሙያዎች በየዓመቱ ይሠሩታል፤ እኔ ግን በአዲሱ ቫርኒሽና በስስ ስፕሩስ ላይ ያን ሁሉ እንፋሎት ለመልቀቅ አልደፍርም፤ ይህን ለምዶ የሚሠራልኝ ሰውም በአካባቢዬ አላገኘሁም። በብሎኑ ግን ክሮቹን አላልቼ አወጣሁ፤ እጄን በድምፅ ቀዳዳው አስገብቼ ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻውን አዞርኩ። በፊት ጣውላው ላይ የተኛውንና በኮላ የተያዘውን የጣት ሰሌዳ ጫፍ በጋለ ብረት አሙቄ በቀጭን ቢላዋ አላቀቅሁት። አንገቱ በሙሉ ጤናው እጄ ላይ ወጣ። ምንም አልተሰነጠቀም፣ ምንም አልተቃጠለም።

ስሌቱም ቀላል ነው። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ስለሚገኝ፣ እዚያ ክሩን 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ በበርኩማው በኩል 2 ሚሊ ሜትር ማግኘት ያስፈልጋል። የእኔ ጊታር የክር ርዝመት 645 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንገቱ ሳጥኑን ከሚነካበት ከ14ኛው ፍሬት እስከ በርኩማው ያለው ርቀት ደግሞ 287 ገደማ። የተረከዙ ቁመት 90 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 2ን በ90 አባዝቶ ለ287 ማካፈል፤ 0.63 ይመጣል። ከተረከዙ ግርጌ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ እንጨት ማንሳት፣ ወደ ጣት ሰሌዳው ሲጠጋ ግን ምንም እስከማይነካ ድረስ ማሳሳት ማለት ነው። ብርጭቆ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጬ፣ ሸካራውን ፊት ወደ ተረከዙ አዙሬ፣ አንገቱን ቦታው ላይ ደግፌ ወረቀቱን ከመሃል እየሳብኩ አነሳሁት። በየመሃሉ በማስመሪያው እለካለሁ። ማስመሪያው የበርኩማውን አናት ሲነካ ብሎኖቹን መልሼ አጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ የጀመርኩት ሥራ ሳይመሽ አለቀ፤ በዚያው ምሽት አንቺሆዬን ከታች እስከ ላይ ሄድኩበት፣ ጠራ!

“ድምፁስ?” ይለኛል ሻጩ። “በብሎኑ ቀዳዳ ይጠፋል” ላለው መልስ የሰጠ ሰው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ነበር። የዘመናዊውን የስፔን ጊታር ቅርጽ ያጸናው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርባውና ጎኖቹ ከወረቀት ሊጥ የተሠሩ ጊታር ሠርቶ፣ ድምፅን ከሁሉ በላይ የሚወስነው የፊት ጣውላው መሆኑን አሳይቷል። ጎኑ ወረቀት ሆኖ የሚዘፍን ጊታር ካለ፣ በተረከዝ ውስጥ ያሉ ሁለት ብሎኖች ድምፅ ይገድላሉ ማለት አያሳምነኝም። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአሜሪካው ጊታር አምራች ቴይለርም አንገትን በብሎን በማሰር የታወቀ ነው፤ ጊታሮቹም በታላላቅ መድረኮች ላይ ይደመጣሉ። የእኔን ጊታር አንገቱን ከመንቀሌ በፊትና በኋላ ቀድቼ አዳምጫለሁ። ልዩነት አለ፤ የኋላው ይበልጣል፣ ምክንያቱም ክሩ አሁን በአጥንት ዘንጓ ላይ በትክክለኛው ጫና ያልፋል።

በአንድ ነገር ግን አምራቾቹን አልምርም። ከተገጣጣሚው ጋር የመጣው መመሪያ የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ ባለበት ክፍል ውስጥ ሥሩ ይላል፤ ከዚያ ዝም። በዓለም ላይ የሚኖረው ሁሉ እርጥበቱን በቁልፍ የሚያስተካክል ክፍል ያለው ይመስላቸዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በበጋ ቀትር ላይ እርጥበቱ ከ30 በመቶ በታች ሲወርድ በመለኪያዬ አይቻለሁ፣ በነሐሴ ደግሞ ግድግዳው ራሱ ያልባል። በጥር የጣት ሰሌዳው ተኮማትሮ የፍሬቶቹ ጫፎች በጠርዙ ወጥተው እጅ ይቧጭሩ ጀመር፤ እንጨቱ ይሰበሰባል፣ ብረቱ አይሰበሰብም። በሞረድ ማስተካከል ይቻላል፤ አስተካክዬዋለሁም። ቢሆንም ዋጋ ተቀብሎ በሩቅ ሀገር የሚሸጥ ሰው፣ ዕቃው በደጋ፣ በበረሃ ወይም በባሕር ዳርቻ ምን እንደሚገጥመው አንድ ገጽ መጻፍ አይከብደውም። እኔ በሳጥኑ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ በተቀደደ የሳሙና ማስቀመጫ አድርጌ በበጋ አኖራለሁ፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ይህን ሳላደርግ አላድርም።

መቃኛዎቹም መካከለኛ ናቸው፤ ሦስተኛው ክር ላይ ያለው ሲዞር ይንሸራተታል፣ እለውጠዋለሁ። ቫርኒሹ ውብ ነው።

ግዢውን አልጸጸትበትም፤ እንደገና ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ። ለመግዛት የምታስቡ ግን ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ አንገቱ በብሎን ነው ወይስ በኮላ? ሁለተኛ፣ የጣት ሰሌዳው ጫፍ በፊት ጣውላው ላይ በምን ይያዛል? በሙቀት የሚለቅ ኮላ ከሆነ ይሁን፤ በሙቀት በቀላሉ በማይለቀው ኤፖክሲ አጣብቁት የሚል መመሪያ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። “ይህ የጀማሪ ነው” ካላችሁም፣ የጀማሪውን ስጠኝ በሉት።