በድሪሉ የከሰስኩትን ጎረቤቴን ላመስግን

አናጺ ለምትፈልጉ፣ በተለይ የካ አባዶ አካባቢ ላላችሁ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። መጀመሪያ ግን ልናዘዝ። ይሄን ሰው ለብሎካችን ኮሚቴ የከሰስኩት እኔ ነኝ። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን፣ እሱ ሁለተኛ። እሁድ ጠዋት ድሪሉን ሲያስነሳ እናቴ "ያ ጩኸታም ጀመረ" ትል ነበር።

ታህሳስ 26 ቀን 2017 ሌሊት፣ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የቀሰቀሰኝ የቡፌው ብርጭቆ ጫጫታ ነው። ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የሚመጣውን ትንንሽ ንዝረት ለምደነው ነበር። ይሄኛው ግን 5.8 የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ደረጃው ላይ ሰው በባዶ እግሩ ይተራመሳል። የእናቴ ጉልበት አይታዘዝም፣ ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ሊፍት የለውም። "አንቺ ውረጂ፣ እኔን ለእመቤቴ ተይኝ" አለችኝ። እንዴት ብዬ ልውረድ?

በሩ ተንኳኳ። ሰው ሁሉ ቁልቁል ሲሮጥ እሱ ሽቅብ መጥቷል፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ይዞ። "እማማ፣ እዚህ ላይ ይቀመጡ።" ከሦስተኛ ፎቅ ልጅ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው አወረዷት። መሀል ላይ መቁጠሪያዬን ረሳሁ ብላ አስቆመቻቸው። እኔ በንዴት ልፈነዳ ስል እሱ ተመልሶ ወጥቶ አመጣላት።

እስኪነጋ ግቢ ውስጥ ቆየን። መኪና ያላቸው ለአራስና ለሕጻናት ለቀቁ። አንዷ ሙስሊም ጎረቤታችን በፔርሙስ ሻይ ይዛ ወረደች፤ ለልጆቿ የምታፈላው በወተት ነው፣ የገና ጾም መሆኑን አስባ ግን ወተት አላደረገችበትም። ሰላም ብያቸው የማላውቅ አባት ጋቢያቸውን አካፈሉኝ። እናቴ "እግዚአብሔር አለ" ስትል ዘወትር እሰማታለሁ፣ በአፌ አሜን እላለሁ። ያን ሌሊት ከልቤ ወጣ። ፈንታሌ ላይ ቤት ንብረቱን ጥሎ የወጣ ሰው እያለ የእኛን ድንጋጤ ማውራት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን ፈርተን ነበር።

ሰኞ፣ የገና ዋዜማ፣ ሰው ሁሉ ዶሮ ፍለጋ ሲሮጥ ሰውዬው ድሪሉን ይዞ መጣ። ቡፌውንና ቁምሳጥኑን በአንግል ብረትና በፊሸር ከግድግዳው ጋር አሰረ። አልጋዋን ከቁምሳጥኑ አራቀ። ከራስጌዋ በላይ የተሰቀለውን ባለመስታወት የማርያም ስዕል ለማውረድ ግን እጁን ታጥቦ መጀመሪያ አስፈቀዳት። የወሰደው የብሎንና የፊሸር ዋጋ ብቻ ነው። የሌሎች አቅመ ደካሞችንም ቤት እንዲሁ ዞረ። የካቲት 7 ሌሊት 6.0 ሲመጣ ብርጭቆዎቹ እንደገና ተንጫጩ። ቡፌው ንቅንቅ አላለም።

ወደ ሥራው ስመጣ፦ ቁምሳጥን፣ የኪችን ካቢኔት፣ የእንጨት በር ይሠራል። ከዚያ ወዲህ ካቢኔት አሠርቼዋለሁ፣ በሙሉ ዋጋ። የተረፈውን ኮምፔርሳቶ ቆጥሮ መለሰልኝ። እውነቱን ለመናገር ቀጠሮ ላይ ትንሽ ይዘገያል፤ ሦስት ቀን ካለ አምስት ያዙ። አጨራረሱ ግን መዘግየቱን ይክሳል።

ስልኩን አስፈቅጄዋለሁ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። እሁድ ግን እንዳትደውሉ። አይሠራም። በእኔ ክስ ነው፤ ተው ሥራ ብለው እንቢ አለኝ።