ሁዳዴ በሆንግ ኮንግ፦ የፖ ሊን ገዳም የምግብ አዳራሽ

በደቡብ ቻይና የሚማር ጾመኛ ኢትዮጵያዊ በሁዳዴ ወቅት ለአጭር ዕረፍት ወደ ሆንግ ኮንግ ብቅ ሲል፣ ከማረፊያውም ከመጓጓዣውም በላይ የሚያስጨንቀው ምን በልቶ እንደሚውል ነው። ከተማዋ በምግቧ ስመ ጥር ናት፤ ዳሩ ግን ዝናዋ የቆመው በተጠበሰ ዝይ፣ በአሳማ ሥጋ፣ በባሕር እንስሳትና በወተት በሚዘጋጅ ሻይ ላይ በመሆኑ፣ ጥሉላት ለማይቀምስ ሰው የሚተርፈው ነገር ጥቂት ይመስላል። እዚህ የምገመግመው በሆንግ ኮንግ በላንታው ደሴት ተራራ ላይ የሚገኘውን፣ ፖ ሊን የተባለውን የቡድሂስት ገዳም የምግብ አዳራሽ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ለመናገር፣ ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ጾሜን እንደ ችግር ሳይቆጥር ያስተናገደኝ ገበታ እንደዚህ ያለ አላጋጠመኝም።

የዚህን አዳራሽ ዋጋ ለመረዳት በመጀመሪያ የከተማዋን ምግብ ቤቶች ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የካንቶን፣ ማለትም የዚህ የደቡብ ቻይና አካባቢ ወጥ ቤት ሥጋን የሚጠቀመው ዓይን በሚያየው ቁራጭ ብቻ አይደለም። የኑድሉ መረቅ ከአሳማ አጥንት ወይም ከዶሮ ይወጣል፤ ቅጠላ ቅጠሉ በኦይስተር ሶስ ይቀባል፤ ከአኩሪ አተር ወተት በሚረጋው ቶፉ ላይ ሽሪምፕ የተባለ የደረቀ ትንሽ የባሕር እንስሳ ይነሰነሳል፤ መጥበሻው ውስጥ የሚገባው ቅባትም ሁልጊዜ የአትክልት ዘይት አይደለም። ካውሉን በተባለው የከተማዋ ክፍል በአንድ ምግብ ቤት ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም እንደማልበላ በማንዳሪን ቻይንኛ አስረድቼ አስተናጋጇም በእሺታ ከተቀበለችኝ በኋላ፣ የመጣልኝ ጎመን መሰል ቅጠል በወፍራም ቡናማ ሶስ ተሸፍኖ ነበር። ሶሱ ኦይስተር ከተባለው ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ የተሠራ መሆኑን ስጠይቅ ያመኑልኝ ሲሆን፣ ይህ ግን ሥጋ ስላልሆነ ምንም እንደማይል አክለው ነገሩኝ። ሳህኑን ሳልነካ ሒሳቡን ከፍዬ ወጣሁ። ከተሠራ ምግብ ላይ ሥጋውን ማንሣትና ምግቡን ከመነሻው ለጾም ብሎ መሥራት የሰማይና የምድር ያህል እንደሚራራቁ የሚገባው እንዲህ ያለ ገበታ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

ወደ ገዳሙ መድረስ አድካሚ አይደለም። በደቡብ ቻይና ካለችው ከጓንግዡ ከተማ ደቡብ ጣቢያ የሚነሣው ፈጣን ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 አገልግሎት ወደ ጀመረው የሆንግ ኮንግ ዌስት ካውሉን ጣቢያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ የዋናው ቻይና የመውጫና የሆንግ ኮንግ የመግቢያ ቁጥጥርም በዚያው ጣቢያ ውስጥ ተከታትሎ ይፈጸማል። ከዚያ በከተማው ባቡር እስከ ቱንግ ቹንግ ተጉዞ፣ በኬብል ካር ወይም በ23 ቁጥር አውቶቡስ ንጎንግ ፒንግ ወደተባለው አምባ መውጣት ነው። ኬብል ካሩ 5.7 ኪሎ ሜትር በአየር ላይ ሲያቋርጥ እጅግ ያማረ እይታ እንዳለው አይካድም፤ ሆኖም ሁዳዴ በሚውልበት በመጋቢት አካባቢ ተራራው ብዙ ጊዜ በጉም ስለሚሸፈን፣ የተማሪ ኪስ ላለው ሰው አውቶቡሱን እመክራለሁ። እኔ በሄድኩበት ቀን ጉሙ ከመውረዱ የተነሣ 34 ሜትር ከፍታ ያለውና እ.ኤ.አ. በ1993 የተመረቀው የነሐስ ቡድሃ ሐውልት፣ ከደረጃው ሥር ለቆመ ሰው ጨርሶ አይታይም ነበር።

ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1906 ከዋናው ቻይና በመጡ ሦስት መነኮሳት ተመሥርቶ፣ ዛሬ በብዙ ሺህ ጎብኚዎች የሚጥለቀለቅ ስፍራ ሆኗል። የምግብ አዳራሹም የተዘጋጀው ለእነዚህ ጎብኚዎች ስለሆነ ምስጢራዊ ወይም የመነኮሳት ብቻ የሆነ ነገር የለበትም። ትኬት ተቆርጦ ይገባል፤ ክብ ጠረጴዛዎች የተደረደሩበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ምግቡም በምርጫ ሳይሆን የዕለቱ የተወሰነ ዝርዝር ሆኖ ለጠረጴዛው በአንድነት ይቀርባል። ለኔ ትልቁ እረፍት እዚህ ላይ ነበር። ምን እንዳለበት፣ በምን እንደተጠበሰ፣ መረቁ ከምን እንደወጣ የሚጠየቅ ጥያቄ የለም፤ ከወጥ ቤቱ የሚወጣ ነገር ሁሉ ከሥጋ የጸዳ ነውና።

በመጀመሪያ የቀረበልን ሾርባ ከካሮት፣ ከበቆሎና ከኦቾሎኒ ተቀቅሎ የተዘጋጀ ነበር። ቀለሙ ፈዛዛ፣ ሲያዩት ውኃ የበዛበት ቢመስልም፣ ኦቾሎኒው በምላስ እስኪፈርስ ድረስ በመብሰሉና የበቆሎው ጣፋጭነት ወደ መረቁ ሙሉ በሙሉ በመግባቱ፣ ማለዳ ከወጣሁበት ጊዜ ጀምሮ ባዶ ለነበረው ሆዴ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ቀጥሎ የመጣው ግን የገበታው ዋና ነገር ነበር፤ እሱም ሎሃን ጃይ የሚባለውና በቡድሂስት ወጥ ቤቶች ዘንድ የታወቀው የተቀላቀለ አትክልት ነው። በአንድ ሳህን ውስጥ ጥቁር የዛፍ እንጉዳይ፣ ሺታኬ እንጉዳይ፣ ከማሾ ስታርች የተሠራ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ኑድል፣ ጥቅል ጎመንና የቶፉ ቆዳ ተዋሕደው ይገኛሉ። የቶፉ ቆዳ የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ከላዩ የሚይዘው ስስ ሽፋን ተነሥቶ ከደረቀ በኋላ እንደገና በመረቅ የሚለሰልስ ነገር ሲሆን፣ ሲነክሱት በመጀመሪያ ይጎተታል፣ ከዚያ የጠጣውን መረቅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ይህ ምግብ ሥጋ ሳይኖርበት እንዲያ የጠለቀ ጣዕም ያገኘበት ብልሃት ደግሞ ሊወሳ ይገባዋል፤ በቻይና የጾም አሠራር የደረቀው ሺታኬ የተነከረበት ውኃ አይደፋም፣ ለወጡ መረቅ ይሆናል፤ የእንጉዳዩ ጣዕም እየደረቀ ሲሄድ ስለሚበረታ ያ ቡናማ ውኃ አጥንት ያልገባበት መረቅ የሚጎድለውን ይሞላል።

ከዚያ በኋላ በስሱ ሊጥ ተጠቅልሎ የተጠበሰ አትክልት፣ በዝንጅብል የተጠበሰ ቅጠልና በአኩሪ አተር ሶስ የተወጠወጠ ቶፉ ተከታተሉ። ቅጠሉ ገና ቀርጨጭ እንዳለ ከእሳት የወጣ ነበር፤ የተጠበሰው ጥቅልል ጥሩ ነው ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም። ቶፉው ግን ከውጭ ቡናማና ጠንከር ያለ፣ ከውስጥ ነጭና ለስላሳ ሆኖ በመቅረቡ አብራኝ የነበረችው የትምህርት ጓደኛዬ ሩዟን ሁሉ በእሱ መረቅ አጠቀሰችው።

አንባቢዎች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር ቢኖር ሽንኩርት ጨርሶ አለመኖሩ ነው። የቻይና ቡድሂስቶች ገዳማዊ ምግብ ከሥጋ በተጨማሪ ነጭ ሽንኩርትን፣ ቀይ ሽንኩርትንና የእነሱን ዘመዶች ሁሉ ያስወግዳል፤ ምክንያታቸውም እነዚህ ሲበስሉ ፍትወትን፣ በጥሬያቸው ሲበሉ ቁጣን ይቀሰቅሳሉ የሚል ነው። የእኛ የጾም ወጥ በተቃራኒው በቁሌት የቆመ ነው፤ ሽንኩርቱ ተቁላልቶ ካልወዛ ሽሮውም ምስሩም ወጥ አይባልም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉርሻዎች ለኢትዮጵያዊ ምላስ መሠረት የጎደላቸው ይመስላሉ። እኔ ግን ትንሽ እንደበላሁ ሽንኩርቱ ቦታ ሲለቅ የዝንጅብሉ፣ የሰሊጥ ዘይቱና የእንጉዳዩ ጣዕም እየተለየ ሲመጣልኝ ተሰማኝ፤ ሥጋ መብላትን በመተው የሥጋን ፍላጎት ማድከም የሚለውን የጾም ዓላማ ለምናውቅ ሰዎች ደግሞ ምክንያታቸው እንግዳ አይሆንብንም። በርበሬያችን ነጭ ሽንኩርት ተቀላቅሎበት ስለሚዘጋጅ በቦርሳ ይዞ ገብቶ መነስነስ ለአስተናጋጆቹ ሥርዓት አክብሮት የጎደለው ይመስለኛልና፣ የሚያቃጥል ነገር የለመዳችሁ ለአንድ ገበታ ብትታገሡ እመርጣለሁ።

በሌላ እምነት ገዳም ውስጥ መብላት ይገባል ወይ የሚለውን ጥያቄ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ጓደኛዬም በአውቶቡሱ ላይ ያነሣችው ይህንኑ ነበርና። እኔ የተቀመጥኩበት አዳራሽ ከቤተ መቅደሱ የተለየ፣ ትኬት ተሽጦ እንደማንኛውም ምግብ ቤት የሚስተናገዱበት ስፍራ ነው፤ ከምግቡ በፊትም ሆነ በኋላ እንድፈጽም የተጠየቅሁት ሥርዓት አልነበረም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ምግብና ስለ ሕሊና የጻፈውን ያነበበ ሰው ለራሱ ሊመዝነው ይችላል፤ ሕሊናው የሚጠራጠርበት ግን የንስሐ አባቱን አማክሮ ቢወስን ይሻለዋል እንጂ በእኔ ጽሑፍ እንዲደፋፈር አልፈልግም።

በዋጋው ላይ ያለኝ አስተያየት መካከለኛ ነው። ተራው ገበታ ለአንድ ሰው ከ100 የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ የዩኒቨርሲቲ ካፌ ለለመደ ተማሪ ይህ ከባድ ሲሆን፣ በሆንግ ኮንግ መመዘኛ ግን በርካታ ሳህን ለሚቀርብበት ምሳ የሚያስቆጭ አይደለም። ከፍ ያለ ዋጋ ያለውን ገበታ መምረጥም ይቻላል፤ ሆኖም በቻይና የጾም ቤቶች ከስንዴ ሊጥ ስታርቹ ታጥቦ ከሚቀረው ተለጣጭ ክፍል እየተሠራ ሥጋ እንዲመስል የሚቀርበው ዓይነት ምግብ እኔን ስለማይማርከኝ ተራውን መርጫለሁ። እንጉዳዩና ቶፉው በራሳቸው መልክ እንዲህ ከጣፈጡ፣ ጾመኛ ዳክዬ የሚመስል ነገር የሚበላበት ምክንያት አይታየኝም። ሳህኖቹ የጋራ በመሆናቸው ለብቻ ከመሄድ ቢያንስ ሁለት ሆኖ መሄድ ይበጃል።

አስቦ መሄድ የሚያስፈልገው ስለ ሰዓቱ ነው። አዳራሹ የሚሠራው ከቀትር አካባቢ ጀምሮ እስከ ከሰዓት በኋላ ብቻ ሲሆን፣ ለእራት የሚመጣን ሰው አያስተናግድም። በእኛ አቆጣጠር እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማለትም በሆንግ ኮንግ ሰዓት ከቀትር በኋላ እስከ 3 ለሚጾም ሰው የሚተርፈው ጊዜ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ እንደደረሱ የመዝጊያውን ሰዓት ጠይቆ ትኬቱን መያዝ፣ እስከዚያው ወደ ሐውልቱ የሚያወጡትን 268 ደረጃዎች መውጣትና ግቢውን መጎብኘት፣ ሰዓቱ ሲደርስም ሳይዘገዩ መቀመጥ ያሻል። ትኬቱ ያለቀበት ወይም ሙሉ ገበታ የማይፈልግ ሰው በግቢው ካለው የመክሰስ መሸጫ በዝንጅብል ሽሮፕ የሚቀርበውን ስስ ቶፉ ይሞክር፤ ወተትም እንቁላልም ስለሌለበት ለጾመኛ የሚሆን ሲሆን፣ በማንኪያ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ፣ ትኩስና ጉሮሮ የሚያሞቅ በመሆኑ ጉም በወረደበት ቀን ከሙሉው ምሳ ቀጥሎ ደግሜ የምከፍልበት እሱን ነው።