ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ፦ ከትንሽ ዘር ወይስ ከትልቅ?

ጣና ዳር ቡና ላይ የሥነ ፈለክ ወሬ ከተነሳ ይህች ጥያቄ አትቀርም፦ በጋላክሲዎች መሃል ያሉት፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች ከየት መጡ? አንዱ መልስ ከግሽ ዓባይ ቀጥኖ ተነስቶ እየሰፋ እንደሚመጣው ግልገል ዓባይ ነው። ሌላው ከጣና ሲወጣ ገና ከመነሻው ትልቅ እንደሆነው ዓባይ።

መነሻ
ትንሹ ዘር፦ የሞተ ኮከብ ቅሪት፣ የፀሐይን ክብደት 100 እጥፍ ገደማ።
ትልቁ ዘር፦ በቀጥታ የተደረመሰ የጋዝ ደመና፣ ከ10,000 እስከ 100,000 እጥፍ።

ለመፈጠር ቅለት
ትንሹ ያሸንፋል። ኮከብ ሲሞት ጥቁር ጉድጓድ ሊተው እንደሚችል እናውቃለን።
ትልቁ ግን ቅንጡ ነው። ጋዙ ከቀዘቀዘ ተበጣጥሶ ብዙ ኮከብ ይሆናል። የሚያቀዘቅዘው ሞለኪውላዊ ሃይድሮጅን ስለሆነ እሱን የሚሰባብር ጨረር ያስፈልጋል። እጅግ ቀላል ክብደት ያላቸው ቅንጣቶች ያሉት ጨለማ ቁስ (የማይታይ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ) የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ ቅንጣቶቹ እንደ ማዕበል አብረው ሲወዛወዙ ያንን ጨረር ሊያመነጩ ይችላሉ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ቅንጣቱን ግን እስካሁን ማንም አላገኘውም!

ጊዜ
ትንሹ ጉድ የሚሆነው እዚህ ነው። በተለመደው የዕድገት ገደብ (ጋዝ ሲበላ የሚወጣው ብርሃን ተጨማሪውን ጋዝ መልሶ ስለሚገፋ) ክብደቱን እጥፍ ለማድረግ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ያውም ሳያቋርጥ ከበላ። ጄ0313-1806 የተባለው ኳዛር (ጋዝ እየበላ እጅግ የሚያበራ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ) ግን ከታላቁ ፍንዳታ 670 ሚሊዮን ዓመት በኋላ 1.6 ቢሊዮን ፀሐይ ይመዝን ነበር።

ለማን የቱ?
በፍኖተ ሐሊብ መሃል ላለው የእኛው ጉድጓድ ትንሹ ዘር ይበቃል፤ 4 ሚሊዮን ፀሐይ ለመድረስ በቂ ጊዜ ነበረው። ከታላቁ ፍንዳታ 470 ሚሊዮን ዓመት በኋላ በነበረበት ሁኔታ ለታየው፣ ዩኤችዜድ1 በተባለው ጋላክሲ መሃል ላለው ጉድጓድ ግን እኔ ወደ ትልቁ አደላለሁ። ትንሹ ከገደቡ በላይ መብላት ከቻለ ደግሞ ክርክሩ እንደ አዲስ ይጀመራል።