የልብ ደም ስር ሲቲ ስካን፦ ከደሴ ተነስቶ መሄድ ያዋጣል?

ያዋጣል። አባቴን ይዤ ሄጄ አይቼዋለሁ። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ ይህን የምጽፈውም በዋናነት ለሱ ነው።

አባቴ ዳገት ሲወጣ ደረቱን ያፍነዋል። ደሴ ላይ ደግሞ ከዳገት ማምለጫ የለም። የሚከታተለው ሐኪም የልቡ ደም ስሮች በሲቲ ይታዩ አለን። ያሠራነው አዲስ አበባ፣ አንድ የግል ምርመራ ማዕከል ነው። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ዝግጅቱ ላይ እንከን አላየሁም። ደም ስሮቹ በምስሉ ጎልተው እንዲታዩ በክንድ የሚሰጠው ፈሳሽ (ኮንትራስት) የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ መጀመሪያ ኩላሊቱን በደም ምርመራ አዩለት። ከባዱ የቡና ክልከላው ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይል ለማይውል የወሎ አባወራ ይሄ ቀላል አይደለም። «አብሽር አባ፣ ነገ ትጠጣለህ» እያልን ነው ያሳደርነው። ልብ ከፈጠነ ምስሉ ይደበዝዛል። ምቱ በደቂቃ 60 አካባቢ እንዲሆን ማረጋጊያ ሰጡት፤ ደም ስር የሚያሰፋ መድኃኒትም ከምላሱ ስር አደረጉለት። ነርሷ «አባባ፣ ሰውነትዎን ሙቀት ሙቀት ይልዎታል፣ አይደንግጡ» አለችው። እንዳለችውም ሆነ። እንዲህ አስረድቶ የሚሠራ ባለሙያ ይባረክ።

ቅሬታዬ ሪፖርቱ ላይ ነው። አንዱ ደም ስር 40 በመቶ ጠቧል፣ አያሰጋም ይላል። በቃ። ያጠበበው፣ በደም ስሩ ግድግዳ የተጠራቀመው ክምችት ምን ዓይነት እንደሆነ አንድ ቃል የለም። ሐኪማችን ሲያየው «ይሄ አይበቃኝም» አለ። ለካ ሀርት አታክ የሚነሳው ሁልጊዜ በጣም ከጠበበው ቦታ አይደለም። ውስጡ ስብ የሞላ፣ ሽፋኑ የሳሳ ክምችት ይፈነዳል፤ ደም ይረጋበታል፤ መንገዱ ባንዴ ይዘጋል። ሲቲ ደግሞ ይህን የሚጠቁሙ ምልክቶችን ማሳየት ይችላል፦ ከ30 ሀውንስፊልድ (ሲቲ ጥግግትን የሚለካበት አሃድ) በታች የሚለካ ለስላሳ ክምችት፣ ወደ ውጭ ያበጠ ደም ስር፣ ነጠብጣብ ካልሲየም፣ ቀለበት የመሰለ ጠርዝ።

ሐኪሙ ጠየቀልን፤ ማዕከሉም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደግሞ አነበበው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምልክቶች ተገኙ። አያሰጋም የተባለው አባቴ የስታቲኑ (የኮሌስትሮል መድኃኒቱ) መጠን ከፍ ተደረገለት። ስታቲን ስቡን ይቀንሳል፣ ሽፋኑንም ያወፍራል። ያንን ሳንጠይቅ ብንቀር ኖሮ እያልኩ አሁንም ይከነክነኛል።

ሲቲ ሁሉን ያያል ማለት ግን አይደለም። አስጊ የሚባለው ሽፋን ውፍረቱ ከ65 ማይክሮሜትር በታች ነው፤ ሲቲ እዚያ አይደርስም። ያንን የሚለየው ኦሲቲ የሚባለው፣ በካቴተር ደም ስር ውስጥ ገብቶ በብርሃን የሚያይ መሣሪያ ነው። ለአባቴ አላስፈለገውም። ምልክት ታየ ማለትም ይፈነዳል ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ ሳይፈነዱ ይቀራሉ። ይህን እናቴን ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ።

ርካሽ ነው ብላችሁ የካልሲየም ልኬት (በልብ ደም ስሮች የጠጠረውን ክምችት የሚለካ ሲቲ) ብቻ ለማሠራት ካሰባችሁ፣ እሱ ለስላሳውን ክምችት አያሳይም። ስትሄዱ የክምችቱ ዓይነት በሪፖርቱ እንዲጻፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሲዲውንም ሳትቀበሉ እንዳትወጡ፤ ደሴ ያለው ሐኪማችሁ ራሱ ከፍቶ ሊያየው ይፈልጋል።