አዲስ አበባ–ሐዋሳ፦ ፕሮፔለር ወይስ ጄት?

ከቦሌ ሐዋሳ በአየር 210 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የነዳጁን ሒሳብ የሚወስነው ይኸው አጭርነት ነው።

ጄቱ ቦይንግ 737-800 ከፍታውን ይዞ ሲበር በሰዓት 2,400 ኪሎ ያህል ነዳጅ ያቃጥላል፤ ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ኪው400 ወደ 1,000 ኪሎ። በመቀመጫ ሲካፈል ግን ልዩነቱ ይጠባል፤ አንዱ ከ150 በላይ፣ ሌላው ከ70 በላይ ሰው ይጭናላ! ጄቱን የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። የሚቆጥበው 35,000 ጫማ አካባቢ፣ ሳሳ ባለ አየር ውስጥ ሲሆን እዚህ መስመር ላይ ግን ገና ወጥቶ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። ለመውጣት ያፈሰሰውን ነዳጅ የሚያካክስበት ጊዜ የለውም። ፕሮፔለሩ 20,000 ጫማ ላይ ምንም አይጎድልበትም፤ ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ ነው።

ለገብርኤል ንግሥ ሰሞን መቀመጫው ሁሉ ከተሸጠ አንድ 737 ሁለት ኪው400ን ተክቶ ሊያዋጣ ይችላል። ግማሹ ባዶ ከሆነ ግን ኪሳራ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ የአብራሪው እጅ ይታያል። ለ1,000 ጫማ 3 የባሕር ማይል (5.6 ኪሎ ሜትር ያህል) በሚለው ሒሳብ ከ20,000 ጫማ ወደ ሐዋሳ ሜዳ (5,500 ጫማ ግድም) መውረድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ቀድሞ የወረደ ዝቅ ብሎ ወፍራም አየር ውስጥ ሞተር እየጨመረ ይጓዛል። የዘገየ ጄት ክንፉ ላይ ያለውን የፍጥነት መግቻ ይከፍታል፤ ይህ የተከፈለበትን ከፍታ መጣል ነው። ኪው400 ሲዘገይ ይቅርታ አለው፤ ኃይሉ ሲቀነስ ፕሮፔለሩ ራሱ ይገታዋል።