ብሎገር ወይስ ወርድፕረስ?

ስለ ጥምቀትና ስለ ፋሲል ግቢ የጻፍኩትን ሁሉ ከብሎገር ወደ ወርድፕረስ ላዛውር? (ሁለቱም ብሎግ መጻፊያ ድረ-ገጾች ናቸው።) ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ስንት ቀን አሰብኩበት!

ብሎገርን ጉግል የገዛው በፈረንጆቹ 2003 ነው። መልኩ አርጅቷል፣ አይካድም። ግን ነጻ ነው። የራሳችሁን ዶሜይን (የድረ-ገጽ አድራሻ) ብታስገቡ እንኳ የምትከፍሉት ለዶሜይኑ ብቻ ነው።

ወርድፕረስ (WordPress.comን ማለቴ ነው) ያምራል። ነጻው ላይ ግን ማስታወቂያ ይለጠፍባችኋል፤ የራስ ዶሜይን ከፈለጋችሁ ደግሞ ለአገልግሎቱም መክፈል ነው፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ። ዶላሩን ከየት አባቴ ላምጣ?

ማዛወሩ ራሱ ቀላል ነው። ከብሎገር አንድ ፋይል አውርዶ እዚያ መጫን ነው፤ አስተያየቶቹም አብረው ይሄዳሉ። ጣጣው ሊንኩ ነው። የድሮውን ብሎግ ካጠፋችሁት ሰው ቴሌግራም ላይ ያጋራው ሁሉ አይከፈትም።

እኔ ለጊዜው ብሎገር ላይ ነኝ። አዲስ ጀማሪ ብሆን ወርድፕረስን እሞክር ነበር።