ሜሪ ሮዝ ወይስ ጎልደን ሃይንድ? ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

እንግሊዝ አገር ካላችሁና ልጆቻችሁን የ16ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ልታሳዩ ካሰባችሁ፣ ሁለት ጥሩ ምርጫ አለ። ጎልደን ሃይንድ ለንደን ብሪጅ አጠገብ ናት። ሜሪ ሮዝ ደግሞ በደቡብ ባሕር ዳርቻ ባለችው ከተማ በፖርትስማውዝ፣ ሙዚየም ውስጥ ናት። (ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የለንደኗ አምሳያ ናት። ዋናዋ እንግሊዛዊው መርከበኛ ፍራንሲስ ድሬክ ከ1577 እስከ 1580 ዓለምን የዞረባት ነበረች፤ ይህችኛዋ ውሃ ላይ የወረደችው በ1973 ነው። ጥቅሟ መነካቷ ነው። ልጆች ምሰሶውን ያቅፋሉ፣ መድፉን ይዳስሳሉ። መድፎቹ ያሉበት ወለል ላይ አዋቂ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው። ጠባብነቱ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ደረጃዎቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ የሕፃን ጋሪ ይዞ መግባት አይሆንም። ዋጋዋ ግን ረከስ ይላል።

ሜሪ ሮዝ እውነተኛዋ ናት። የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ ነበረች። ሐምሌ 19 ቀን 1545 ከፈረንሳዮች ጋር ስትዋጋ ዘንበል አለች፤ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባና ሰጠመች። በዘመኑ መዝገብ ሠራተኞቿ 415 ናቸው፤ 200 መርከበኛ፣ 185 ወታደር፣ 30 መድፈኛ። ወታደሩ የበዛው ጠላት መርከብ ላይ ዘሎ መዋጋት ገና ስላልቀረ ነው። ጠላት እንዳይዘልባቸው ከላይ የዘረጉት መረብ ራሳቸውን መውጫ አሳጥቶ አስቀራቸው። የተረፉት 35 አይሞሉም።

በ1982 ከባሕር ወጣች። የቀረው የቀኝ ጎኗ ነው፤ ለሁለት እንደተሰነጠቀ ቤት ወለሎቿ ሁሉ ከነክፍሎቻቸው ይታያሉ። እታች በጡብ የተሠራ ምድጃና ትልቅ የመዳብ ድስት ነበራት። እኔን ያስቆመኝ ግን ሚዶው ነው። በሁለት በኩል ጥርስ ያለው፣ ልክ እናቶቻችን ቅጫም የሚያወጡበት ዓይነት የእንጨት ሚዶ። እነዚያም መርከበኞች ለዚያው ነበር የያዙት። አናጺው ክፍል አጠገብ የተገኘ የውሻ አፅምም አለ፤ ልጆች ከሱ አይነቀሉም።

ልጆቹ ከ6 ዓመት በታች ከሆኑና ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ፣ ለንደን ይበቃል። ከዚያ ከፍ ካሉ ግን ያለማመንታት ሜሪ ሮዝ። ብሩ ይበልጣል፣ ባቡሩም አለ፤ እኔ አልቆጨኝም። ሙዚየሙ ሊፍት ስላለው አያትም ጋሪም ይገባል። ፖርትስማውዝ ሃርበር ጣቢያ ከወረዳችሁ ሙዚየሙ ያለበት የድሮው የመርከብ ቅጥር በር ቅርብ ነው፤ በእግር ይደረሳል።